በካርቦን የተገለበጠው ምዕራፍ

ባለፈው ሳምንት ለልጅ ልጄ ደብተር ልገዛ ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር ወዳለች አንዲት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ጎራ አልኩ። ባለ ሱቋ ወጣት ናት። መደርደሪያዋን እያጸዳች ኖሮ ከላይኛው ላይ አቧራ የለበሰ ጠፍጣፋ ካርቶን አወረደችና ከፍታ አሸተተችው።

«አዴ፣ ይሄ ምንድን ነው? ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ እዚሁ ነው ያለው።» አለችኝ፤ አዴ እናት ማለት ነው።

ጠጋ ብዬ አየሁ። ካርቦን ወረቀት ነበር።

«እጅሽን እንዳያጠቁርሽ» አልኳት።

ጣቶቿን አይታ ሳቀች፤ ጠቁረው ነበር። «ምን ይሠራል?»

«አንዴ ጽፈሽ ሦስት ቦታ ይወጣልሻል።»

«እህ፣ ፎቶ ኮፒ በሉኛ!» አለችና የሚጣለው ክምር ላይ ወረወረችው።

ደብተሩን ይዤ ወጣሁ። ከሱቁ ደጃፍ ካለው ድንጋይ ላይ አረፍ አልኩ። የሰምና የቀለም ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ ልጆቼን ድሬያለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን የጎደለብኝ የለም። ያ ሽታ ሲደርሰኝ ግን ዛሬም ስሜን ጠርተው ቢሮ የሚያስገቡኝ ይመስለኛል።

ዘመኑን በቁጥር አላስታውስም ብል ይሻላል። መንግሥት ተለውጦ ወሬው ገና ከሰው አፍ ያልወረደበት፣ ከየቢሮው ደብዳቤ የሚዘንብበት ሰሞን ነበር። የማስታውሰው ሌላ ሌላውን ነው። ሻይ በስሙኒ ነበር፤ በብርጭቆ፣ ስኳሩ ከታች ተኝቶ። ከመናኸሪያው ማዶ ሴቶች ጃንጥላ ሥር ከሰል አያይዘው በቆሎ እሸት ይጠብሱ ነበር፤ ጭሱና ዝናቡ ተቀላቅሎ ልብስ ላይ ያድራል። እኛ ሴት አስተማሪዎች ፕሊሴ ጉርድ ቀሚስና በእጅ የተሠራ ሹራብ እንለብሳለን፤ ዝናቡ ሲበረታ ግን ፕሊሴውም ይሰበሰባል፣ ሁላችንም ቦቲ ጫማ ውስጥ እንገባለን። የልጆቼ አባት ቡርቃ ጃቶ በሚባለው ሰፈር ልብስ ይሰፋ ነበር። ከስፌት መኪናው አጠገብ የተቀመጠችው ቴፕ ቀኑን ሙሉ የኦሮምኛ መዝሙር ታሰማለች፤ ካሴቱ ሲንዛዛ በእስክሪብቶ ያጠነጥነዋል። ያ ቤት ዛሬ የሞባይል መሸጫ ሆኗል፤ ደጁ ላይ ባጃጅ ተሰልፎ ይውላል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ግን ጆሮዬ የሚሰማው የመኪናውን ፔዳል ነው።

እኔ በዲፕሎማ ሒሳብ አስተምር ነበር። ከነዚያ ደብዳቤዎች አንዱ፣ በከተማው ሁለተኛ ደረጃ የሚያስተምር ሁሉ ዲግሪ ይያዝ፣ ያልያዘ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል አለ። ለእኔ የተመደበልኝ ሌላ ቦታ አንገር ሸለቆ ውስጥ ነበር፤ ክረምት መኪና የማይገባበት፣ ወባ የማይጠፋበት። ስሜ በዝርዝሩ ላይ በእርሳስ ተጽፎ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሦስት ልጆች ነበሩኝ። ትንሿ ቢፍቱ ገና ስምንት ወሯ ነው። ወይ ልጆቼን ትቼ መሄድ፣ ወይ ይዣቸው ወደ ወባ መውረድ ነበር።

ጌታ ግን መንገድ አዘጋጅቶ ኖሯል። አንድ የሩቅ ዩኒቨርሲቲ ክረምት ክረምት የከተማችንን አንድ ትምህርት ቤት እየተዋሰ አስተማሪዎችን ለዲግሪ ያስተምር ነበር። ሁለት ክረምት ተምሬ ሦስተኛው ላይ ደርሼ ነበር። የቀረኝ ከባዱ ኮምፕሌክስ አናሊሲስ የሚባለው ሒሳብ ነው። እሱን ካለፍኩ ስሜ ከዝርዝሩ ይሰረዛል። ከወደቅኩ መስከረም ላይ በቀለም ይጻፋል።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፈራሁት። በዕድሜዬ ሁሉ ለልጆች «ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር ስኩዌር ሩት የለውም» ስል ኖሬ፣ ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ «አለው» ተባልኩ። ነገሩን የሚነግረን ደግሞ ከሁላችንም በዕድሜ የሚያንስ መምህር ነበር፤ ናሆም ይባላል። ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ የማይስቅ ሰው። «እርስዎ» እያለ ያከብረናል፤ «እርስዎ» ሲለኝ ግን እንደ ተቆጣኝ ነበር የሚሰማኝ። አንድ ቀን ጠረጴዛውን ክፍሉ መሐል አስጎትቶ፣ ጠመኔ ይዞ ዙሪያውን ዞረ። «ከዚህ ተነሥቼ፣ ዞሬ እዚሁ ደረስኩ» አለ። «ውስጡ ደህና ሜዳ ከሆነ የዙሩ ድምር ዜሮ ይሆናል። ዜሮ ካልመጣ ግን ውስጥ ጉድጓድ አለ ማለት ነው። ሳትገቡበት፣ ዙሪያውን በመዞር ብቻ ታውቁታላችሁ።» የሚዞርበትን መንገድ ኮንቱር ይለዋል። ከጉድጓዱ የሚወጣውን ቁጥር ሬዚዲዩ ይለዋል። ይህ ገባኝ። ወደድኩትም። ያልታየን ነገር በዙሪያው ካለው ማወቅ ለሚያምን ሰው እንግዳ አይደለም።

አንድ ረድፍ ላይ ሦስት ሆነን እንቀመጥ ነበር። ከፊቴ ኦቦ ዋቁማ ናቸው። ከአርጆ ነው የመጡት፤ በዕድሜ ከሁላችን ይበልጣሉ፤ የእኛው የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ከክፍል በፊት አጥሩ ሥር ቆመን ሁለታችን በኦሮምኛ እንጸልያለን። ከኋላዬ አቶ ምሕረቴ ነው። ወላጆቹ ከጎጃም መጥተው ጊምቢ የሰፈሩ፣ ኦርቶዶክስ፣ ቀልድ ከአፉ የማይጠፋ። የነሐሴ ጾም ሲገባ አላስቀመጠኝም።

«ሀዳ ቢፍቱ» ይለኛል፤ የቢፍቱ እናት ማለቱ ነው። «እናንተ ወተት እየጠጣችሁ ነው ኢንተግራል የምትሠሩት። እኔ እዚህ የደረስኩት በሽሮ ጉልበት ነው።»

«ምሕረቴ፣ አንተ ጾሙን ብትተወው እንኳ ኢንተግራሉ አይተውህም» ይሉታል ኦቦ ዋቁማ ሳይዞሩ።

ዩኒቨርሲቲው መጻሕፍቱን በሁለት የብረት ቁም ሳጥን ጭኖ ነው ያመጣቸው። የዚህ ትምህርት መጽሐፍ አንድ ብቻ ነበር። ከንባብ ክፍሉ አይወጣም፤ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ሰዓት ይደርሰዋል። ከተማው ውስጥ ፎቶ ኮፒ የሚያነሣ አንድ ቤት ቢኖርም ለእኛ አይጠቅመንም፤ መጽሐፉ አይወጣ፣ መብራቱ በዝናብ ይጠፋል። ስለዚህ ሦስታችን ሰዓታችንን አንድ ላይ አደረግን። ጽሑፌ ስለሚነበብ እኔ ገልባጭ ሆንኩ። ሦስት ወረቀት፣ በመካከላቸው ሁለት ካርቦን። የላይኛው ለእኔ፣ መካከለኛው ለኦቦ ዋቁማ፣ ደብዛዛው የታችኛው ለምሕረቴ። «ለእኔ ሁልጊዜ የሚደርሰኝ ጥላው ነው» እያለ ያጉረመርማል።

ካርቦን የራሱ ሥርዓት አለው። ወረቀቱ እንዳይንሸራተት ይያያዛል፤ ባሌ ከስፌቱ ዕቃ ስፒል ሰጥቶኝ ነበር። እስክሪብቶው ጠበቅ ይደረጋል። ትልቁ ሕግ ግን ማጥፋት የለም የሚለው ነው። ከላይ ላጲስ ሲያርፍበት ከታች ያሉት ሁለቱ ይጨማለቃሉ። ስለዚህ በደንብ ያልታየኝ ምልክት ሲያጋጥመኝ አልገምትም፤ ቦታውን ባዶ ትቼ አልፋለሁ። በኋላ አጣርቼ ሦስቱም ላይ በእጄ እሞላዋለሁ። ዛሬ ልጆቹ ስልካቸውን አንዴ ጠቅ አድርገው ገጹን እንዳለ ሲወስዱት አይቼ እደነቃለሁ። እኛ አንድ ምዕራፍ ለመውሰድ ቀናት ይፈጅብን ነበር፤ የመሐል ጣቴ ላይ ያወጣሁት እብጠት እስከ ዛሬ አልጠፋም።

በአራተኛው ሳምንት መምህሩ ታሞ አምስት ቀን ቀረ። «የሬዚዲዩውን ምዕራፍ ከመጽሐፉ አንብባችሁ ጠብቁኝ» የሚል ቃል ላከብን። እኔ ገለበጥኩ፣ ሦስታችንም አጠናን። እንደ ተመለሰ ፈተነን።

በዚያ ፈተና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አልፈራሁም። ሦስተኛው ጥያቄ በክብ ዙሪያ የሚዞር፣ መሐሉ ላይ ክፉ ጉድጓድ ያለው ነበር። የገለበጥኩት ቀመር ዓይኔ ላይ አለ። ሠራሁት፤ ስምንት ፓይ አይ የሚል መልስ ወጣኝ። ሁለት ጊዜ መረመርኩት። ጌታዬን አመስግኜ ወጣሁ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ተጠራን። ቢሮ የተባለው የትምህርት ቤቱ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ ነው፤ ጥጉ ላይ የተነፈሱ ኳሶች ተከምረዋል። የፈተና ወረቀቶቻችን ጠረጴዛው ላይ ተደርድረው ነበር። በሦስቱም ላይ አንድ ቦታ በቀይ ተከቧል።

«መልሱ አራት ፓይ አይ ነው» አለ ናሆም። «የሦስታችሁም ስምንት ይላል። ከክፍሉ ሌላ ስምንት ያለ ሰው የለም። ሦስታችሁም ደግሞ አንድ ረድፍ ላይ ናችሁ።»

ኦቦ ዋቁማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መምህር፣ ሰው እኮ ሊሳሳት...»

«ትክክለኛ መልስ የሁሉም ነው። ስሕተት ግን የየራስ ነው። ሦስት ሰው አንድ ዓይነት ስሕተት አይሳሳትም። አንዱ ሠርቷል፣ ሌላው ኮርጇል።»

«እኛ እኮ አስተማሪዎች ነን» አለ ምሕረቴ። ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

«የሚያሳዝነውም እሱ ነው።»

ሦስት ቁራጭ ወረቀት ሰጠን። ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዙረን፣ ሳንነጋገር፣ የኮረጀውን ሰው ስም እንድንጽፍ አዘዘ። ባዶ ወረቀት ከመለሳችሁ ሦስታችሁም ከትምህርቱ ትሰናበታላችሁ፣ ለትምህርት ቢሮም ደብዳቤ ይጻፋል አለ። ሰኞ ጠዋት ይወስናል።

ግድግዳው ኖራው የረገፈ ነበር። ጡቴ ሞልቶ ሹራቤን አርሶታል፤ የቢፍቱ መጥቢያ ሰዓት አልፏል፤ አባቷ ትምህርት ቤቱ በር ላይ አቅፏት እንደ ቆመ አውቃለሁ። ደብዳቤ የሚለው ቃል ብቻ ነበር በራሴ ውስጥ የሚጮኸው። እኔ አልኮረጅኩም። ኦቦ ዋቁማ ከፊቴ ናቸው፤ ወደ ኋላ ሲዞሩ አይቼ አላውቅም። ከኋላዬ ያለው ምሕረቴ ነው። በፈተናው ማለዳም «ሀዳ ቢፍቱ፣ ዛሬ ትከሻሽን ዝቅ አድርጊልኝ» ብሎኝ ነበር፤ ሁልጊዜ እንደሚቀልደው። ደግሞ፣ ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፣ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው አልነበረም።

ምሕረቴ ብዬ ጻፍኩ። አጥፌ ሰጠሁ። አንድ ደቂቃ አይሞላም። ኦቦ ዋቁማስ ያን መልስ ከየት አመጡት ብዬ ራሴን አልጠየቅኩም። የፈራ ሰው አንድ ስም ካገኘ ሌላ አይፈልግም።

ባሌ በር ላይ ፊቴን አይቶ «ማል ታቴ?» አለኝ፤ ምን ሆንሽ ማለቱ ነው። «ምንም» አልኩ። ልጄን ተቀብዬ አጠባሁ። የልቤ ምት አስፈርቷት መሰለኝ ጡቱን እየተወች ቀና ብላ ታየኛለች። ቅዳሜ ወጥ አሳረርኩ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ኦቦ ዋቁማ ጉባኤው ፊት ቆመው ጸለዩ። «ዋቀዮ፣ ያለ በደላቸው የሚከሰሱትን አስብ» ሲሉ እንባቸው ወረደ። ሰው ሁሉ አሜን አለ። የእኔ አፍ አልተከፈተም። እስከ ዓርብ የፈራሁት ናሆምን ነበር። እሑድ የፈራሁት ያን ቁራጭ ወረቀት ስጽፍ ከትከሻዬ በላይ ሲያየኝ የነበረውን ጌታ ነው።

ሰኞ የንባብ ክፍሉ ሲከፈት ደረስኩ። መልሴ ትክክል መሆኑን ላረጋግጥ ነበር የሄድኩት። እኔ ልክ ከሆንኩ ማንም አልኮረጀም ይባላል፣ የጻፍኩት ስምም ከንቱ ሆኖ ይቀራል ብዬ ነበር። መጽሐፉን ተቀብዬ ምዕራፉን ገለጥኩ፤ የራሴን ወረቀት አጠገቡ ዘረጋሁ። ጣቴን እያስኬድኩ መስመር በመስመር አነበብኩ።

ቀመሩ ጋ ስደርስ ጣቴ ቆመ። መጽሐፉ ላይ ከፊት ትንሽ ክፍልፋይ አለች፤ ላይዋ አንድ፣ ታችዋ ፋክቶሪያል የሚሉት አካፋይ ቁጥር። የእኔ ወረቀት ላይ በዚያ ቦታ ምንም የለም። አውራ ጣት የምታክል ባዶ ብቻ።

ያኔ ትዝ አለኝ። ያን ቀን ሰማዩ ጠቁሮ፣ መብራት ጠፍቶ ነበር። በመጽሐፉ ላይ የአንድ ሰው ቅባት የነካው ጣት ያቺን ክፍልፋይ አደብዝዟታል። እንደ ልማዴ ቦታውን ትቼ አለፍኩ፤ ብርሃን ሲመጣ አይቼ ልሞላ። ሰዓታችን አለቀ። ረሳሁት። በምዕራፉ ያሉት ምሳሌዎች ሁሉ ቀላል ስለነበሩ ያ ቁጥር አንድ ይሆናል፤ ቢኖርም ባይኖርም መልሱ አይለወጥም። ፈተናው ላይ የመጣው ብቻ ለሁለት መካፈል ነበረበት። ሦስታችንም ሳናካፍል ተውነው። ምሕረቴ የማንንም ወረቀት አላየም። ያቺን ባዶ ቦታ ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

እዚያው በርጩማ ላይ ቁጭ አልኩ። ዝም ብልስ? ምሕረቴ ይሰናበታል፣ እኔ እቀራለሁ፣ ልጆቼ ከቤታቸው አይወጡም። ይህን አሰብኩት፤ አልደብቅም። እውነቱን ከተናገርኩ ደግሞ ንጹሕ ሰው የከሰሰች አስተማሪ ነኝ፤ ለእኔም ደብዳቤ ይጻፍልኛል። ሁለቱም አስፈሩኝ። ወረቀቴን ሰብስቤ የተነሣሁት ደፍሬ አልነበረም፤ ከሁለቱ የባሰውን ስለፈራሁ ነው።

ናሆም ቢሮው ውስጥ መጽሐፉን ከንባብ ክፍሉ አስመጥቶ ከወረቀቴ ጋር አስተያየ።  ከዚያ «ሌሎቹም ኮፒ አላቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። ተጠርተው መጡ። ሦስቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ተዘረጉ፤ አንዱ ደማቅ ሰማያዊ፣ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ እንደ ጥላ የሳሳ። ባዶዋ ቦታ በሦስቱም ላይ አንድ ቦታ ናት። ናሆም መነጽሩን አወለቀ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ። «መንገዱ ልክ ስለሆነ የመንገዱን ነጥብ እሰጣችኋለሁ።»

«ሌላም አለ» አልኩ። «ዓርብ የጻፍኩት ስም...»

እጁን አንሥቶ አስቆመኝ። ከመሳቢያው ሦስቱን የታጠፉ ቁራጮች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ክብሪት ጨመረበት። «እነዚህን ማስጻፍ አልነበረብኝም። ካነበብኳቸው ጀምሮ ነገሩ አልጥም ብሎኛል። እኔ ሻይ ልጠጣ። ስመለስ ባላገኛቸው ደስ ይለኛል» ብሎ በሩን ዘግቶልን ወጣ።

ኦቦ ዋቁማ ቶሎ ክብሪቱን አነሡ። «እናቃጥለው ልጆቼ። እሳት ይብላው፣ ይለቅ።» የመጀመሪያው እንጨት ተሰበረ።

ዝም ብል ይቃጠል ነበር። ማንም አያውቅም። ሁለተኛውን እንጨት ሲያወጡ «ቆዩ፣ ኦቦ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የራሴ ነበር። የእኔን ቁራጭ በአጣጠፉ አውቀዋለሁ። ፈትቼ ምሕረቴ ፊት አደረግኩት። «ይህ የእኔ ነው» አልኩት።

ስሙን አነበበ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ፊቱ ላይ ቀልድ ሳይኖር ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን እጁን ዘርግቶ አንዱን ቁራጭ ሳበና ፈታው። ዋቁማ ይላል።

«ይቅር ይበሉኝ ኦቦ» አለ ወደ ሽማግሌው ሳያይ። «እሷን ልጽፍ ነበር። ከፊቴ ያለችው እሷ ናት። ግን የሚጠባ ልጅ አላት ብዬ... ወደ እርስዎ ዘለልኩ።»

ሦስተኛው ቁራጭ ብቻውን ቀረ። ኦቦ ዋቁማ ክብሪቱን አስቀመጡ። ራሳቸው አነሡት፤ ራሳቸው ፈቱት፤ ወደ እኔ አዙረው አኖሩት። በዚያ በሚያምር ጽሑፋቸው የእኔ ስም ነበር።

«ኢንተላ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ጡረታዬ ሊደርስ ጥቂት ነው የቀረው። ከኋላዬ ያለሽው አንቺ ነሽ። ዲፈማ ና ጎዲ፤ ይቅር በይኝ።»

ከጠዋት ጀምሮ ይቅርታ የምለምንበትን ቃል ሳዘጋጅ ነበር የቆየሁት። እኔ እንደምለመን አላሰብኩም። ፍርሃቱ በአንድ ጊዜ ለቀቀኝና ንዴት ገባበት። «ትናንት ጸለዩልኝ እኮ» አልኩ።

«ለአንቺ አልነበረም» አሉ። «ለራሴ ነው ያለቀስኩት።»

 ምሕረቴ ቁራጮቹን በጣቱ እየገፋ በክብ አስቀመጣቸው።

«አንቺ ወደ እኔ፣ እኔ ወደ ኦቦ፣ ኦቦ ወደ አንቺ» አለ። «ተመልከቱ ኮንቱራችንን። ዞሮ ገጠመ። ዜሮ ግን አልመጣም።»

ኦቦ ዋቁማ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ንዴቴ ግን በሳቁ አልወጣም። እጄ ላይ ያለው ያው ኃጢአት እያለ ሌላ ምን ልላቸው? «ዲሴራ» አልኳቸው፤ ትቼዋለሁ። ወደ ምሕረቴ ዞርኩ። «አንተስ?» አልኩት። «እኔማ» አለ፣ «ስሜን እንኳ አሳምረሽ ጽፈሽዋል፤ ምን አደርጋለሁ?» ቁራጮቹን በቆርቆሮ ክዳን ላይ አቃጠልናቸው።

ሦስታችንም ያን ትምህርት አለፍን። ስሜ ከዝርዝሩ ተሰርዞ ጡረታ እስክወጣ እዚሁ ነቀምቴ አስተማርኩ፤ ልጆቼ ከአባታቸው ሳይለዩ አደጉ። ለዚህ ማንን እንደማመሰግን አውቃለሁ። ኦቦ ዋቁማ ከሞቱ ቆይተዋል፤ አርጆ ድረስ ሄጄ ቀብሬያቸዋለሁ። ምሕረቴ ጊምቢ አለ። ለፋሲካ ይደውልልኛል፤ የምናከብረው አንድ ቀን ቢሆንም የሚቀልድበት አያጣም።

የዚያን ቀን ግን ይህን ሁሉ አናውቅም ነበር። የመጨረሻው ፈተና ከፊታችን ነው፤ ያልተገለበጠ አንድ ምዕራፍ ቀርቷል። ከሰዓት በኋላ ሦስታችን የንባብ ክፍሉ ገባን። ወረቀቱንና ካርቦኑን ወደ ምሕረቴ ገፋሁት።

«አንተ ጻፈው» አልኩ።

«የእኔ ጽሑፍ ዶሮ ጭራው የሄደችው ነው የሚመስለው። ለኦቦ ዋቁማ መነጽር አዝኚላቸው እንጂ» አለና መልሶ ወደ እኔ ገፋው።

ኦቦ ዋቁማ መጽሐፉን ተቀበሉ። እሳቸው ምልክት በምልክት ያነባሉ፣ ምሕረቴ በትከሻዬ ላይ አጎንብሶ እያንዳንዷን ያያል፣ እኔ እጽፋለሁ።  ሁለት ገጽ ሄድን። በሦስተኛው ላይ የኦቦ ዋቁማ ድምፅ አንድ ቦታ ላይ ፈጠን ብሎ አለፈ።

«ደግመው ያንብቡልኝ» አልኩ።

መጽሐፉን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። «በደንብ አልታየኝም፤ ትንሽ ተፍቋል። ትተሽው እለፊ?»

«አላልፍም» አልኩ።

ምሕረቴ መጽሐፉን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ወሰደው። ውጭ ደመናው ወፍሮ ነበር። እስክሪብቶዬን ከወረቀቱ አንሥቼ ተከተልኩት፤ ኦቦ ዋቁማም መጡ። አንገታችንን በአንድ ገጽ ላይ አስግገን፣ ብርሃኑ እስኪመለስ ቆመን ጠበቅን።